ሽቦው ሲቀየር ጠብታውም ይቀየራል

ስለ ሲኦቱ ብየዳ (ሽቦው ከማሽኑ ራሱ እየወጣ፣ በጋዝ ተሸፍኖ የሚበየድበት) ሲወራ ጨዋታው ሁሉ ማሽኑ ላይ ነው። ስንት አምፔር ይሰጣል? ኢንቨርተር ነው? የሽቦው ነገር ግን ውፍረቱ በሚሊ ተጠርቶ "ዜሮ ነጥብ ስምንት ስጠኝ" ተብሎ ያልቃል። እኔን ይሄ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ፍንጣሪ የበዛበትን ብየዳ በግራይንደር ሲያጸዱ የሚውሉ ጎበዝ በያጆች አሉ፣ ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእጃቸው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽቦው ጫፍ ይቀልጣል፣ ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታው ተላቆ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ትንሽ ሆኖ ቀጥ ብሎ ከሄደ ብየዳው ያምራል። አብጦ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ከወደቀ ፍንጣሪ ነው።

መጀመሪያ ውፍረቱን እንይ። አብዛኛው አርጎን በሆነ ጋዝ 1.2 ሚሊ ድፍን የብረት ሽቦ ስትበይድ፣ ከ220 እስከ 250 አምፔር አካባቢ አንድ ድንበር አለ። ከዚያ በታች ጠብታው ከሽቦው ውፍረት በልጦ ያብጥና በራሱ ክብደት ይወድቃል። ከዚያ በላይ እንደ ርጭት ደቃቅ ሆኖ ይወርዳል። በ0.9 ሚሊ ሽቦ ግን ይሄው ድንበር ወደ 165 አምፔር ይወርዳል። ለምን? ኤሌክትሪኩ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጥረው ማግኔታዊ ኃይል፣ ላም የሚያልብ ሰው ጣቱን እንደሚያጠብቀው የጠብታውን አንገት ይጨምቀዋል፤ ሽቦው ሲቀጥን ያው አምፔር በጠባብ ቦታ ስለሚታጨቅ ጭመቃው ይበረታል። ስለዚህ 200 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ማሽን ይዘህ በ1.2 ሽቦ ርጭት አትጠብቅ።

ንጹህ ሲኦቱ ከሆነ ጋዝህ ደግሞ በድፍን ሽቦ እውነተኛ ርጭት ጭራሽ አይመጣም። አርኩ፣ ማለትም በሽቦውና በብረቱ መካከል የሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ከጠብታው ስር ይሰበሰብና ወደ ላይ ይገፋዋል። መፍትሄው ቮልቱን ዝቅ አድርጎ ሽቦው ቅልጡን (ብየዳው ላይ የቀለጠውን ብረት) እየነካ እንዲበጠስ ማድረግ ነው። በሰከንድ ከ20 እስከ 200 ጊዜ ይነካል፣ ያ የምንወደው ጥርት ያለ ድምፅ ከዚህ ነው የሚመጣው። ለላሜራ ምርጥ ነው። ወፍራም ብረት ላይ ግን ከላይ አምሮ ከስር ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል፣ ይሄን አደራ።

ስለ ድፍን ሽቦ አንድ ነገር ልጨምር፦ ኢአር70ኤስ-6 የሚለው የሽቦ ስም ላይ ያለው 6 ቁጥር ሲሊከንና ማንጋኒዝ በርከት ማለቱን ይነግርሃል። ትንሽ ዝገት ያለበት ብረት ላይ ከኤስ-3 ሽቦ የተሻለ ይቋቋማል፣ ቅልጡም ዳር ዳሩን በደንብ ይዞ ይተኛል።

አሁን ወደምወደው ክፍል፣ ዱቄት ያለበት ሽቦ። ይሄ ሽቦ ሳይሆን ቀጭን ቱቦ ነው። ዱቄቱ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ አምፔሩ በሙሉ ማለት ይቻላል በስሱ የብረት ቅርፊት ውስጥ ይጨናነቃል፣ ቅርፊቱም ቶሎ ይቀልጣል፣ ጠብታውም ያንሳል። የተቀረውን ዱቄቱ ይሰራል። ኢ71ቲ-1 በሚባለው የዱቄት ሽቦ ውስጥ የታይታኒየም ኦክሳይድ አለ፣ አርክ የሚያረጋጉ የፖታሲየምና የሶዲየም ውህዶችም አሉ፤ በንጹህ ሲኦቱ እንኳ ለርጭት የቀረበ ለስላሳ ብየዳ የሚሰጥህ ለዚህ ነው። ስላጉም (ዱቄቱ ቀልጦ ብየዳውን የሚሸፍነው ንብርብር) ቶሎ ስለሚጠነክር ከታች ወደ ላይ ስትበይድ ቅልጡን ደግፎ ይይዝልሃል። በኖራና በፍሎራይድ የተሰራው ቲ-5 ግን ጠብታው ትልቅ፣ ፍንጣሪውም ብዙ ነው። ታዲያ ማን ይገዛዋል? ብየዳው በብርድ እንዳይሰነጠቅ፣ እንዳይሰበር የሚፈልግ ሰው። ዱቄቱ በአብዛኛው ብረት የሆነ ዓይነትም አለ፣ ስላግ የለውም ማለት ይቻላል፣ ጠብታው ደቃቅ፣ አርኩ ሰፊ።

ጋዝ የማይፈልገውን የዱቄት ሽቦ፣ ቲ-11ን፣ የገዛህ ወንድሜ፦ ቶርቹን (ሽቦው የሚወጣበትን እጀታ) ኔጋቲቭ ላይ አድርገው። ብዙ ሰው ማሽኑን ለድፍን ሽቦ እንደነበረው ፖዘቲቭ ላይ ይተወውና "ሽቦው አይረባም" ይላል። ሽቦውን እየገፋ የሚያወጣውን ሮለርም እይ። ቱቦ ስለሆነ አጥብቀህ ከጫንከው ይጨፈለቃል፣ ጥርስ ያለው ሮለር አድርገህ በልኩ አጥብቀው። ከተጨፈለቀ ቲፑ (ሽቦው የሚወጣበት የቶርቹ ጫፍ) ላይ እየያዘ እየለቀቀ ይወጣል፣ አርኩም እየረዘመ እያጠረ ይንገዳገዳል፣ ያኔ ቮልቱን የፈለከውን ያህል ብታዞር ጠብታው አይስተካከልም።