እሾህ የሌለው የዱር ፍሬ

ግቢያችን ውስጥ የተከልነው ሰርቪስቤሪ የሚባል የፍሬ ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ደስታዬን ለማን እንደምነግር ስለጨነቀኝ እዚህ ልጻፈው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትንሽ የፊት ግቢ አለችን። ቤቱን ስንገዛ እዚያ ቦታ ላይ ብራድፎርድ ፒር የሚባል ዛፍ ቆሞ ነበር። ሜሪላንድ የኖረ ሰው ይህን ዛፍ ያውቀዋል። የዘር ሐረጉ ከቻይና ነው፤ ለገበያ የወጣው ግን እዚሁ ከኛ ብዙም ከማይርቀው ግሌን ዴል፣ በ1963 ነው። በጸደይ ነጭ በነጭ ይሆናል። ሽታው ግን አፍንጫ ያስይዛል። ቅርንጫፎቹ አንድ ቦታ ተጨናንቀው ስለሚወጡ ዕድሜው ገፋ ሲል ንፋስ ይሰነጥቀዋል። የኛንም ለሁለት ከፈለው። የባሰው ደግሞ ወፎች ዘሩን እየበተኑት ባዶ ሜዳውንና የጫካውን ዳር መውረሩ ነው። ኦሃዮ ከ2023 ጀምሮ እንዳይሸጥና እንዳይተከል ከልክላለች፤ ደግ አደረገች።

በቦታው ምን እንትከል ስንባባል ባለቤቴ ጽጌረዳ አለ። እኔ የዚሁ ምድር ተወላጅ የሆነ፣ የሚበላ ፍሬ የሚሰጥ ነገር ፈለግሁ። ሰርቪስቤሪ ሁለታችንንም አስታረቀን። የጽጌረዳ ቤተሰብ ነው፤ ለፖም ደግሞ የቅርብ ዘመድ። ዝርያው ብዙ ነው። በምዕራብ በኩል ካናዳ ድረስ የሚበቅለውን፣ የዚያ ሜዳማ አገር ነባር ሕዝቦች ፍሬውን አድርቀው ከተወቀጠ ቋንጣና ከሞራ ጋር እየለወሱ ለክረምት ስንቅ ይይዙት ነበር። እኛ የተከልነው የምሥራቁን ጠረፍ ዝርያ ነው፤ ከሥሩ ብዙ ግንድ እያወጣ የሚያድገውን። ሌላ አጃቢ አይፈልግም፣ ብቻውን ያፈራል።

ልፋቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በመጸው ተከልነው። የግንዱን ግርጌ አፈር ውስጥ አልቀበርነውም፣ ሥሩ የሚጀምርበት ቦታ ከመሬት እኩል ነው። የእንጨት ፍርፋሪ ጉዝጓዝ አለበስነው፣ ግንዱን እንዳይነካ ፈቀቅ አድርገን። መጀመሪያዎቹ በጋዎች ላይ ውሃ አልነፈግነውም። አጋዘኖች ለጋ ቅርንጫፉን ስለሚወዱት በሽቦ አጠርነው። በቃ።

የሚያብበው ቅጠሉ ገና ሳይዘረጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይውላል። ሌላው ዛፍ ሁሉ ራቁቱን ቆሞ፣ እሱ ብቻ ቀጫጭን ነጭ አበባውን አውጥቶ ታገኙታላችሁ። ሻድ የሚባለው ዓሣም እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደ ፖቶማክ ወንዝ የሚወጣው በዚያው ሰሞን ነው። አበባው ቶሎ ይረግፋል። እኔ ያን ሰሞን ከሥራ ስመለስ መኪናዬን አቁሜ፣ ሳልገባ ትንሽ አየዋለሁ።

ችግር የለውም ማለቴ አይደለም። የጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ጥድ አለ። በሚያዝያ ዝናብ ሲጥል፣ ጥዱ ቅርንጫፍ ላይ ካሉት ቡናማ እብጠቶች ብርቱካናማ፣ ዝልግልግ ያለ ቀንድ ይወጣል። ሳየው ቀፈፈኝ። ለካ ዋግ ነው! ስንዴያችንን የሚያጠቃው የዋግ ዘመድ። ኑሮውን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ጥድ ላይ፣ ሌላውን እንደ ፖምና ሰርቪስቤሪ ያሉት ላይ ይኖራል። ጸደዩ እርጥብ ሲሆን አንዳንዱ ፍሬ ብርቱካናማ ጸጉር ያወጣና ይበላሻል። ጥዱ ይቆረጥ ያሉኝ ነበሩ። አልተስማማሁም። በሽታውን ንፋስ ከሩቅም ያመጣዋል፤ ጥዱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ወፎች ይጠለሉበታል። የታመመውን ፍሬ ለቅሜ እጥላለሁ፣ የተረፈው ይበቃኛል።

ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ሲበስል ጥቁር ወይን ጠጅ ይሆናል። ጫፉ ላይ ትንሽ ዘውድ አለችው። ጣፋጭ ነው፤ ዘሩን ስታኝኩት ደግሞ የአልሞንድ ጣዕም ይመጣል። የሰኔ ጾም ላይ ስለሚደርስ ጠዋት በዳቦ እበላዋለሁ። ሲተርፍ ማርማላታ እሠራለሁ።

ሲተርፍ ያልኩት ወፎቹ ስለሚቀድሙኝ ነው። ሮቢኑ ሳያኝክ ዋጥ ያደርጋል። ከሁሉ የምወደው ግን ሲዳር ዋክስዊንግን ነው። ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭምብል፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ቢጫ ቀለም አለው። በመንጋ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዲት ፍሬ ሲቀባበሉ አየሁ። አንዱ ለሌላው ያጎርሳል፣ ያኛው መልሶ ይሰጠዋል። ሴቷን ሲያጫት እንዲህ ያደርጋል አሉ። መረብ አልብሺው የሚሉኝ ሰዎች ይህን ቢያዩ የሚደግሙት አይመስለኝም። እኔ እጄ የሚደርስበትን እለቅማለሁ፣ ከላይ ያለው የነሱ ነው።

እማዬ ለጥየቃ መጥታ እኛ ጋ ናት። መጀመሪያ ቀን ይዣት ወጣሁና ቅመሺ አልኳት። ፍሬውን ሳይሆን ግንዱን ነው የያዘችው። በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። ከዚያ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ ሥሩን አየች።

«እሾሁስ?» አለችኝ።

«የለውም።»

«እሾህ የሌለው የዱር ፍሬ አይቼ አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ሰሜን ሸዋ ላደገ ሰው ቀጋ፣ አጋም፣ ኮሽም፣ እንጆሪ፣ ሁሉም ክንድ ሳይቧጭር አይለቀምም። አሁን ጠዋት ጠዋት ኩባያ ይዛ የምትወጣው እሷ ናት። ወፎቹንም ትቆጣቸዋለች፣ በአማርኛ።

ትናንት ዘሩን ቋጥራ ልትወስድ እንዳሰበች ነገረችኝ። ያለ ፈቃድ ዘር ይዞ መግባት እንደማይቻል፣ ደግሞም ወራት የሚቆይ ብርድ ካላገኘ እንደማይበቅል አስረዳኋት። «ከቤትሽ ቀጋ አለልሽ አይደል፣ የዚህ ዘመድ ነው፤ ለምን እሱን አትተክዪም?» አልኳት።

«ቀጋን ደግሞ ማን ይተክላል? ራሱ ይበቅል ነበር እንጂ።» ትንሽ ዝም አለችና፣ «ካየሁት ግን ቆየሁ» አለች።

ማታ ለወንድሜ ደወለች። ከገጠር የቀጋ ችግኝ ፈልጎ እንዲያመጣ አዘዘችው። «ጉድጓዱን ሰኔ ሳያልቅ ቆፍር። ልጆቹ ከሚጫወቱበት ራቅ አድርገህ፣ በአጥሩ በኩል።»