በር የተሳሳትን ቀን

ከጎርፉ በኋላ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ቆርቆሮ፣ እንጨትና ምስማር አከፋፍለን ነበር። እኔ የምሠራው ክትትልና ግምገማ ክፍል ነው። እርዳታው ለሚገባው ሰው ደርሷል ወይ? የደረሰውስ ጠቅሟል ወይ? እንጀራዬ ይህን መጠየቅ ነው።

ስርጭቱ ካለቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጠይቃችንን ታብሌት ላይ ጭነን ወጣን። ሁለት ቀን ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነልን። የጠየቅነው ሁሉ «ደርሶኛል» ይላል። ማታ ማታ ኤክሴሉ ሲሞላ የአለቃዬ ፊት ይበራል። እውነቱን ለመናገር፣ የእኔም።

በሦስተኛው ቀን ባልደረባዬ በር ተሳሳተች። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሰው የሚኖረው ፊት ለፊት ነው፤ እሷ ያንኳኳችው የጓሮውን። አንዲት እናት ሦስት ልጆች አስከትለው ወጡ። ከላያቸው ያለው አሁንም ሸራ ነው።

«ቆርቆሮ ደረሰዎት?»

«ለእኔ? ለባለቤቱ ነዋ የሰጣችሁት። እኛ ተከራይ ነን።»

ፍራሹም፣ ዕቃውም፣ የልጆቹ ልብስም ጎርፉ ወስዶታል። ስማቸው ግን የትም የለም። ምዝገባው ቤት ቆጥሮ፣ ለአንድ ቤት አንድ ስም፣ ያውም የባለቤቱን ብቻ ይዞ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ነው የገባኝ። ናሙናውን ያወጣነው ከዚያው ከተረጂዎች ዝርዝር ነው። ደረሰህ ወይ እያልን የምንዞረው የደረሰውን ሰው እየመረጥን ነበር! አንድ ሺህ ሰው ብንጨምር መልሱ ያው ነው። የአቤቱታ ሳጥኑም ባዶ ስለነበር ሪፖርቱ ላይ «ቅሬታ የለም» ብዬ ጽፌያለሁ፣ በገዛ እጄ። ሳጥኑ የተሰቀለው ማከፋፈያው ግቢ ውስጥ ነው። የተረጂ ካርድ የሌለው ደግሞ እዚያ አይገባም።

በመኖሪያ ስፋትም ጥሩ ውጤት ነበረን። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመሪያ ማብሰያና መታጠቢያው ሳይቆጠር ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ መኖሪያ ይላል። እኛ የለካነው ቤቱን በሙሉ ነው፤ ያካፈልነው ግን ለተመዘገበው ቤተሰብ ብቻ። የጓሮዎቹ አራት ሰዎች ስሌቱ ውስጥ የሉም።

ዝርዝሩን ትተን እንደገና ጀመርን። ሰፈሩን በካርታ ከፋፍለን በየአምስተኛው በር አንኳኳን። የመጀመሪያው ጥያቄያችን «እዚህ ግቢ ስንት ቤተሰብ ያድራል?» ሆነ። አከራይ አጠገቡ ከቆመ ተከራይ ሁሉም ሰላም ነው ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻ ማናገር ነበረብን፤ ይህም ሥራውን እጥፍ አደረገው።

አለቃዬ «ስርጭቱ ተዘግቷል እኮ» አለ። በየበሩ የመዘገብነውን የተከራይ ብዛት ፊቱ አስቀመጥኩ። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ከተረፈው በጀት ለተከራዮች የቤት ዕቃ መግዣ ጥሬ ገንዘብ ተፈቀደ። እስኪፈቀድ ሁለት ወር ሄደ።

ገንዘቡን ይዘን ወደዚያ ጓሮ ተመለስን። ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ሆኗል፣ የእኛው ቆርቆሮ። ሳንኳኳ የማላውቀው ወጣት ከፈተ። ክፍሉ ሲታደስ ኪራዩ ጨምሯል፤ እናትየው ልጆቻቸውን ይዘው ለቀዋል። ወዴት እንደሄዱ ወጣቱም፣ ባለቤቱም አያውቁም። ታብሌቱን አወጣሁና ከስማቸው ጎን «አልተገኙም» የሚለውን ነካሁ።