23 በርገር እና አንድ ሻኛ

ቅዳሜ ዕለት 23ኛውን በርገር በላሁ። ሁሉም እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የያዝኩት ትንሽ ደብተር አለኝ፤ የት ሰፈር፣ ስንት ሰዓት፣ ስጋው እንዴት ነበር፣ ዳቦውስ እያልኩ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ከ10 ነጥብ እሰጥ ነበር። ሁሉም 7 እየሆነ ሲያስቸግረኝ ተውኩት። አሁን መለኪያዬ አንድ ነው፦ በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ትዝ ካለኝ አልፏል፣ ካላለኝ ወድቋል። ከ23ቱ ያለፉት ሦስት ናቸው።

ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው ወርደህ አሳህን በዳጣ እየበላህ ከትልቁ ወፍ ከአባ ኮዳ ጋር ፎቶ መነሳት ስትችል፣ በአሳ ከተማ በርገር ፍለጋ ምን አንከራተተህ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን አሳ ሐዋሳ ውስጥ ፈልገህ የምታገኘው ነገር አይደለም፤ ራሱ ያገኝሃል። ፍለጋ የሚባለው ያለው በርገር ላይ ነው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ብዙ የምለው የለኝም። ፒያሳ፣ አቶቴ፣ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ሁለት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ። በየቦታው «ስፔሻል» ነበር የማዘው። ስፔሻል ማለት እንደምታውቁት እንቁላል አለው፣ ሞርታዴላ አለው፣ ቺዝ አለው፣ ከላይ ካቻፕና ማዮኔዝ ይፈስበታል፣ እንዳይፈርስ በስንጥር ይወጋል። ደብተሬን መለስ ብዬ ሳነበው ስለ ስጋው የጻፍኩት አንድ ቃል የለም። «ይጣፍጣል»፣ «ቺፕሱ አሪፍ»፣ «ትልቅ ነው»። ዘጠኝ በርገር በልቼ ለካ የቀመስኩት ካቻፕ ነው።

አሥረኛው ላይ ሶሱ ለብቻ ይምጣልኝ አልኩ። እንቁላልም ሞርታዴላም አይግባ አልኩ። አስተናጋጇ «ታዲያ ምን ቀረው?» አለችኝ። መጣ። ለሁለት ቆረጥኩት። ስጋው ግራጫ ነው፣ ጠርዙ ጠቁሯል፣ መሃሉ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ያለ ካቻፕ አልዋጥ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አምስት ቤት በዚሁ መንገድ ሞከርኩ፤ አራቱ ያው ናቸው። ምክር ካላችሁኝ የመጀመሪያው ይኸው ነው፦ ባዶውን እዘዙ፣ ቆርጣችሁ እዩት። ፍቅራችሁ ከበርገሩ ይሁን ከማዮኔዙ ያን ቀን ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ ልግባ። ስጋው ለምን ይደርቃል?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሳቱን ነው። አብዝተው አሳረሩት ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቤት «ብዙ እንዳይበስል አድርጊልኝ» አልኳት። «ለብለብ ማለትህ ነው?» አለችኝ፣ ሳቋን እየዋጠች። አዎ አልኩ። ለብለብ ሆኖ መጣ። መሃሉ ቀይ ነው፣ ግን ያው ደረቅ። ቀይ ሆኖ ደረቅ! በዚያ ላይ ለካ ጥያቄዬ ራሱ ስህተት ኖሯል። ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚኖረው ስጋው ላይ ላዩን ነው፤ ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የተፈጨ ስጋ መሃሉ ድረስ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ የሚለው። (ክትፎስ? እንዳትሉኝ። እኔም እበላለሁ፤ መልስ የለኝም።) ስለዚህ የበርገርን ድርቀት በጥሬነት ማከም አይቻልም። ሌላ ነገር ነው የጎደለው።

የጎደለውን ያሳየኝ የሰፈራችን ስጋ ቤት ነው። «ጋሼ፣ ግማሽ ኪሎ ለበርገር የሚሆን» አልኳቸው። ቀዩን መርጠው፣ ጮማውን በቢላዋ ጫፍ እየላጡ ማውጣት ጀመሩ።

«ለምን ያወጡታል?»

«ለበርገር አላልክም? ሆቴሎቹ ጮማ ካዩበት ይመልሱብኛል። ንጹህ ቀይ ነው የሚፈልጉት።»

እዚያው ቆሜ ሳቄ መጣ። እኛ እኮ ጥሬ ስንበላ ጮማ ያለበትን ስጡን ብለን የምንጣላ ሰዎች ነን። ሻኛ ለማግኘት በጠዋት የምንሰለፍ ሰዎች ነን። በርገር ላይ ስንደርስ ግን ጮማ ማጭበርበሪያ ይመስለናል። የእኛ አገር ከብት በሣር ያደገ፣ ብዙ የተራመደ ነው፤ ቀይ ስጋው ውስጥ የተሰራጨ ስብ እምብዛም የለውም። እሱኑ ልጠህ፣ ፈጭተህ፣ ምጣድ ላይ ስትጥለው ወዝ ከየት ይመጣል? በሌላው ዓለም የበርገር ጠባሾች የሚጠቀሙበት የተለመደ ልክ 80 በ20 ነው፤ ከኪሎው 800 ግራም ቀይ፣ 200 ግራም ስብ።

ቤቴ ልሞክረው ወሰንኩ። ጋሼ ከቀዩ 800 ግራም፣ ከሻኛው 200 ግራም አንድ ላይ ፈጩልኝ። የመጀመሪያው ቀን ከሸፈ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሽንኩርት ከተፍኩበት፣ እንቁላል ሰበርኩበት፣ የዳቦ ፍርፋሪ ጨመርኩ፣ ጨው በተንኩ፣ እንደ ሊጥ አሸሁት። የወጣው በርገር አይደለም፤ ጠፍጣፋ ቋሊማ ነው። ጥርስ ይመልሳል። ጨው ስጋው ውስጥ ገብቶ ሲታሽ ፕሮቲኑን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ጨው መነስነስ ያለበት ምጣድ ላይ ሊገባ ሲል፣ ከላይ ብቻ ነው። እንቁላልና ፍርፋሪ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። እዚህ ላይ አቋሜ የከረረ ነው፤ እንቁላል የገባበት ስጋ ስሙ ሌላ ነው፣ ዳቦ መሃል ስላስገባችሁት በርገር አይሆንም።

ሁለተኛው ቀን ትንሽ ተሻለ። ሦስተኛው ላይ የገባኝ ነገር ሻኛ ንጹህ ስብ አለመሆኑ ነው፤ ራሱ ብዙ ስጋ አለው። ስለዚህ 200 ግራም አልበቃም። 350 ግራም አደረግኩት። ሁለት ጊዜ ፈጩልኝ፣ ሻኛ ጅማት ስላለው አንዴ ብቻ ከተፈጨ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ወደ 120 ግራም የሚሆን እንክብል አድርጌ ሳላሸው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ምጣዱ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የኔ መጥበሻ ስስ ነው፤ ስጋው ሲገባበት ይቀዘቅዝና ውሃ ይተፋል። ስጋ ቡናማ የሚሆነው፣ ያ የጥብስ ሽታ የሚመጣው፣ ላዩ 140 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ውሃ ካለበት ግን የሚፈላው ውሃ ሙቀቱን ይይዘዋል። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ያ ግራጫ መልክ ከዚያ ነው የሚመጣው። ወፍራም ብረት ያስፈልገኝ ነበር። ከእናቴ ቤት የቡና መቁያውን ብረት ምጣድ ተዋስኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ምጣዱ እስኪጨስ ጋለ። እንክብሉን ጣልኩና ወዲያው፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ፣ በድስት ክዳን ጨፈለቅኩት። ተንጣጣ። ጠርዙ እንደ ዳንቴል ተቦጫጨቀ፣ ቡናማ ሆነ፣ ሻኛው ቀልጦ ዙሪያውን ፈላ። ሁለት ደቂቃ፣ ገልበጥ፣ ቺዝ፣ ሌላ አንድ ደቂቃ። አከራዬ በሩን አንኳኩታ «ልጄ፣ ምን እያቃጠልክ ነው?» አለችኝ። ግማሹን ሰጠኋት። ቆማ በላችው፣ ከዚያ «ሃም ማለት የአሳማ ስጋ አይደል እንዴ?» ብላ በድንጋጤ አየችኝ። ሃምበርገር ስሙን ያገኘው ከጀርመኑ ሃምቡርግ ከተማ ነው፣ ከአሳማ ጋር አይገናኝም ብዬ አረጋጋኋት። ባታምነኝም ጨረሰችው።

መጨፍለቅ ላይ አንድ ነገር። የሚጨፈለቀው መጀመሪያ ብቻ ነው፣ ስጋው ሳይሞቅና ስቡ ሳይቀልጥ። ብዙ ቤት ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ከበሰለ በኋላ በጭልፋ ይጫኑታል፣ «ጭስስስ» ይላል፣ ደንበኛው ይደሰታል። ያ ድምፅ እኮ ወዙ እሳት ላይ ሲፈስ ነው። የከፈልክበት ነገር ዓይንህ እያየ ይተናል።

ብረት ምጣዱን በሳሙና ፈትጌ መለስኩ። ረቡዕ እናቴ ቡና ስትቆላ ቤቱ በሙሉ ጮማ ሸተተ። በጾም ቀን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም።

ሌሎቹን ነገሮች በአጭሩ። ዳቦ ገና አልተፈታልኝም። አብዛኛው ጣፋጭ ነው፣ ግማሽ ላይ ይበተናል። ውስጡን በቅቤ ምጣድ ላይ ጠበስ ማድረግ ይረዳል፤ ያንን የሚያደርግ ቤት ያገኘሁት ሁለት ነው። ሶስ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ዳጣ በማዮኔዝ ለውሳችሁ ሞክሩ። ከዚያ በኋላ ካቻፕ አትነኩም።

ሜኑው አራት ገጽ የሆነበት ቤት በርገር አትዘዙ። ፒዛ፣ ላዛኛ፣ ክትፎ፣ አሳ ጉላሽ፣ ፉል፣ በርገር... አንድ ሰው እንዴት አድርጎ? ማክዶናልድ ወንድማማቾች እንኳ በ1948 (በፈረንጅ) ሳን በርናርዲኖ ያለውን ቤታቸውን ዘግተው ሜኑውን ወደ 9 ነገር ቆርጠው ነው እንደገና የከፈቱት።

ሐይቅ ዳርም አልመክርም። ይህን ስል ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ቦታውን እወደዋለሁ። ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲመጣ በርገሩ በአምስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል። የበሬ ስብ ቶሎ ይረጋል፤ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። በሞተር ማስመጣትም ያው ነው። ወጥ ቤቱ አጠገብ ተቀመጡ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ፣ እንደመጣ ብሉ። እኔ ፎቶ ሳነሳ ስንቱን አቀዝቅዣለሁ።

23ኛውን እስካሁን አልነገርኳችሁም። አቶቴ አካባቢ ያለ፣ አራት ጠረጴዛ ያለው ቤት ነው። ስጋው ደረቅ ነበር፣ ግን ትኩስ፣ እንቁላል ያልገባበት፣ ዳቦውም የተጠበሰ። ትንሽ ነው የጎደለው። ሼፉን አስጠራሁትና ስለ ሻኛው ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ወንድሜ፣ ጮማ ሳደርግ ሰው ይመልስብኛል» አለ። ጋሼ ያሉት ቃል በቃል። ከዚያ ፈገግ አለና፦ «ሻኛውን አንተ ካመጣህ ግን እጠብስልሃለሁ።»

የፊታችን ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ እሄዳለሁ። ጋሼ 350 ግራም እንዲያስቀምጡልኝ ነግሬያለሁ። ጣፋጭ ያልሆነ የበርገር ዳቦ የሚጋግር ቤት ሐዋሳ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ እስከ ዓርብ ንገሩኝ።