እሑድ ያላረፈው ኮምፕረሰር

አንድ የማሸጊያ ፋብሪካ የድሮውን ኮምፕረሰር፣ አየር አምቆ በቧንቧ ለማሽኖቹ የሚልከውን መሣሪያ፣ አውጥቶ፣ ፍጥነቱን ማሽኖቹ በሚፈልጉት አየር ልክ የሚቀያይር አዲስ አስገባ። ኃይል ቆጣቢ የተባለለት ነው። ሦስት ወር አለፈ፤ የመብራት ሒሳቡ ግን ንቅንቅ አላለም። ቴክኒሻኖቹ ማሽኑን ፈታትተው አዩት፤ እንከን የለውም።

ነገሩን ያነሳው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። እሑድ ብቅ ያለውን የጥገና ኃላፊ አስቁሞ፣ «ኢንጂነር፣ ዛሬ ማሽኑ ሁሉ ቆሟል፤ ይሄ ኮምፕረሰር ለማን ነው የሚሠራው?» አለው።

ኃላፊው ወዲያው ሞከረው። ታንኩና ቧንቧው በድምሩ 3 ሜትር ኩብ ይይዛሉ። እስከ 7 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሞልቶ ኮምፕረሰሩን አጠፋና ሰዓት ያዘ፤ በ60 ሰከንድ 6 ባር ገባ። ከ3 ሜትር ኩብ ላይ 1 ባር ሲወርድ 3,000 ሊትር ያህል ያልታመቀ አየር ወጥቷል ማለት ነው፤ ይህ ለ60 ሲካፈል፣ በሰከንድ 50 ሊትር አየር ማንም ሳይጠቀምበት ይወጣል ማለት ነው። በ7 ባር አንዲት የ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብቻዋን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ትበላለች። ምርጡ ማሽን ወንፊት ሲሞላ ነው የከረመው።

ለኦፕሬተሮቹ ቀይ ካርድ ታደለ፤ ፉጨት የሰማ ቀንና የማሽን ቁጥር ጽፎ እዚያው ያንጠለጥላል። ለሚያጠራጥረው የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋው ይናገራል። በጫጫታ መሀል ትንሿ ቀዳዳ ስለማትሰማ ዙሩ ማሽን በሚያርፍበት የምሳ ሰዓት ሆነ። አብዛኛው የተገኘው ዋናው ቧንቧ ላይ ሳይሆን በመጋጠሚያዎች፣ በተሰነጠቁ ጎማዎችና ክፍት እንደሆነ በተጣበቀ የውሃ ማስወጫ ቫልቭ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ወር ከሸፈ። ምርት ክፍሉ ማሽን አላቆምም አለ፤ መጋዘኑም መጋጠሚያ አልነበረውም። ጥቆማው ሰሚ ሲያጣ ሠራተኛው መጻፍ ተወ፤ ምን ያድርግ! ካርዱ የተመለሰው የቅዳሜ ሥራ የመጨረሻዎቹ 2 ሰዓታት ለጥገና ተሰጥተው፣ መስመር እየተዘጋና ግፊቱ እየወጣ መጠገን ሲጀመር ነው። ሽልማቱም በተደፈነው ልክ ለፈረቃው በሙሉ ሆነ፤ በካርድ ብዛት ቢከፈል አንዱ ቀዳዳ ሦስት ካርድ ያበቅላል።

ግፊቱን መቀነስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ 0.2 ባር እየቀነሱ፣ የአየር መስመሩ ጫፍ ላይ ያለውን ማሽን እያዩ። 1 ባር ሲቀነስ 7 በመቶ ገደማ ኃይል ይድናል። 6.4 ላይ የጫፉ ማሽን ደከመ። እንዲህ ሲሆን እጅ የሚሄደው ግፊቱን መልሶ ወደ መጨመር ነው፤ ሲፈተሽ ግን የማሽኑ አየር ማጣሪያ በቆሻሻ ተደፍኖ ኖሯል። ማጣሪያው ተቀየረ፤ ግፊቱ እዚያው 6.4 ላይ ቀረ።