ለየክፍሉ የሚስማማ ወለል

ቤት የሚያሠራ ሰው የወለል ንጣፍ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙንና ማብለጭለጩን ነው። እኔና ባለቤቴ ጎንደር ያለውን ቤታችንን ስናድስ የተስማማነው ግን በየክፍሉ ወለሉ ላይ ምን እንደሚፈስና ምን እንደሚወድቅ አስቀድመን ለይተን፣ የቀለሙን ነገር ለመጨረሻ ለማቆየት ነበር።

በዚህ ምክንያት የጀመርነው ከመታጠቢያ ቤቱ ነው። ለግድግዳ ተብሎ የሚሠራ ሴራሚክ ውኃ ይመጥጣል፤ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ የሚጠነክረው የሴራሚክ ዓይነት፣ ፖርሴሊን፣ ግን የሚመጥጠው ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ጥሩ ፖርሴሊንም ቢሆን ፊቱ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት፣ ሻካራና አነስ ያለውን፣ ለምሳሌ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነውን መምረጥ ይሻላል፤ ትንሹ ንጣፍ ወደ ውኃ መውረጃው ተዳፋት ለመስጠትም ያመቻል። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ሆኖ፣ መስተካከል ያለበት ከሥር በሚፈሰው ሊሾ እንጂ በማጣበቂያው ውፍረት አይደለም። በንጣፎቹ መጋጠሚያ ውኃ ሊሰርግ ስለሚችልም ውኃ የሚከላከለው ቅብ ከንጣፉ ሥር ቀድሞ መቀባት አለበት።

ለወጥ ቤቱም ያንኑ ዓይነት ንጣፍ መረጥን፤ በበርሜልና በጀሪካን ውኃ በሚጠራቀምበት ቤት ወለሉ ሳይረጥብ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው።

ብዙ ያከራከረን ሳሎኑ ነው፤ ምክንያቱም ቡና የሚፈላው እዚያ ነው። ከምድጃው ፍም ቢወድቅ የፕላስቲክ ምንጣፍ ይቀልጣል፣ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ላሚኔትም ይጠቁራል፤ በዚያ ላይ እርጥብ ቄጠማ ሲጎዘጎዝበት ላሚኔቱ በየመጋጠሚያው ያብጣል። ፖርሴሊንና ቴራዞ ሁለቱንም ይችላሉ። ቴራዞን ያረጀ ፋሽን ነው ብለው ከሚንቁት ሰዎች ጋር አልስማማም፤ የእብነ በረድ ፍንካች በሲሚንቶ ተለውሶ የሚሠራ ስለሆነ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ቢጫጫር እንደገና ተፍቆ ይታደሳል፣ ሴራሚክ ግን ይህ ዕድል የለውም። ጠላቱ አሲድ ስለሆነ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲፈስበት ቶሎ መጥረግ ያስፈልጋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማችን በሐምሌና በነሐሴ እንዲህ ያለው ወለል እግር እንደሚያቀዘቅዝ አይካድም፤ እኛ ግን ብርዱን ቡና ሲፈላ በሚነሣ ምንጣፍ መመከት ይሻላል ብለን ወሰንን።

መኝታ ቤት ውኃም ፍምም የማይደርስበት ክፍል በመሆኑ የእንጨት ንጣፍ (ፓርኬ) ያምርበታል፣ ለባዶ እግርም ይሞቃል። ምድር ቤት ላይ ከሆነ ግን ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት አስቀድሞ መፈተሽ ግድ ነው። አንድ ሜትር ያህል ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር በማጣበቅ ቢያንስ አንድ ቀን ማቆየት፣ ከዚያም ሲገለጥ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እንጨቱን አለማንጠፍ ነው። ፍተሻው በበጋ ብቻ ከተደረገ ያታልላል። በበጋ የተነጠፈ እንጨት ክረምት ሲገባ ስለሚያብጥ ደግሞ በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተውለትና በግድግዳው ግርጌ በሚለጠፈው ጠባብ ክፈፍ (ዞኮሎ) ይሸፈናል። ይህን ክፍተት የሚተው ባለሙያ ከገጠማችሁ አትልቀቁት።

ዋልካ አፈር ላይ ለተሠራ ቤት ግን ከንጣፉ ምርጫ በፊት የመሬቱ ጉዳይ ይቀድማል። ይህ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ተቆፍሮ ሳይወጣና በተጠቀጠቀ ድንጋይ ሳይተካ የሚፈስ ወለል ውድ ንጣፍ ቢለብስም መሰንጠቁ አይቀርም።

ግዢ ላይ፣ ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር እንዳላቸው አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም በጥቂቱ ይለያያል። ለቆረጣና ለወደፊት ጥገና ከልኩ በላይ 10 በመቶ ያህል ጨምሮ መግዛትም ይገባል፤ ከዓመት በኋላ ያው ዓይነት ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል።