ለጨረቃ ብዬ ጅማ፣ በሩፋኤል ዋዜማ

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ገና ሳይነጋ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ መልእክት ገባልኝ። «የጨረቃ ግርዶሽ እኮ ከአዲስ አበባም ይታያል። ጅማ ድረስ ምን አስሮጠህ?» ይላል። እውነቱን ነው። የፀሐይ ግርዶሽ ቢሆን ጥላው የሚያልፍበት ቦታ ድረስ ሄዶ መቆም ግድ ነበር፤ የጨረቃው ግን ደጅህ ድረስ ይመጣልሃል። «ለዓመት በዓል ቡና ላመጣ ነው» ብዬ መለስኩለት። እሱም ቢሆን ውሸት አልነበረም።

አለም ገናን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን በእንቅልፍ አለፍኳቸው። ወልቂጤ ቁርስ በላን። የጊቤ ቁልቁለት ጃኬት ያስወልቃል፤ ድልድዩን ተሻግረን ሽቅቡን ስንያያዘው መልሰን ለበስን። ሶኮሩ ላይ ዝናብ ተቀበለን፤ እስከ ሰርቦ አልለቀቀንም። ሞኝነቴ የገባኝ ያኔ ነው። ሰማይ ለማየት ብዬ፣ ያውም በጳጉሜ፣ ዝናብ ወደሚወደው አገር እየሄድኩ ነበር። የጨረቃ ግርዶሽ ቦታ አይመርጥም፤ ደመና ግን ይመርጣል። ብልህ ብሆን ኖሮ ወንድሜ ዘንድ ድሬዳዋ እወርድ ነበር።

የአክስቴ ቤት ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ስደርስ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሁለት ሳፋ፣ አንድ ባልዲና አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ተደርድረው ጠበቁኝ። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፤ የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው፣ ልጅ አዋቂው ይጠመቅበታል። ስለ ግርዶሹ ስነግራት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ታዲያ አንተ እንዳይዘንብ ልትጸልይ ነው የመጣኸው?»

«እስከ አራት ሰዓት ብቻ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ወረደ። ሳፋዎቹ ሞሉ። እኔ ሰማዩን እያየሁ ስናደድ እሷ ወጥታ ሁሉንም ቡናዎቹ ሥር ደፋችው። «ይሄ የሩፋኤል አይደለም፤ ቀኑ መቼ ገባ!»

ዝናቡ ሲያባራ ከአቮካዶው ፊት ለፊት ያለው የቤቱ ግድግዳ ላይ ዓይኔ አረፈ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት እዚሁ ቆመን ነበር። ያን ቀን የነበረው የፀሐይ ግርዶሽ ቀለበታማ የሚባለው ነው፤ ጨረቃ ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ለመሸፈን ጥቂት አነሰችና ዙሪያዋ እንደ ቀለበት በርቶ ቀረ። ቀለበቱን ያዩት ግን ከወለጋ ተነስቶ ጎጃምን አቋርጦ ላሊበላን በሚያልፍ ቀጭን መስመር ላይ የነበሩ ብቻ ናቸው። ያኔ ላሊበላ ይሠራ የነበረው ወንድሜ አየ። እኔ በኮሮናው ምክንያት ጅማ ተቀምጬ የደረሰኝ የተገመጠ ፀሐይ ነው።

የጎረቤት ልጅ ራጅ ይዞ ሊያይበት መጣ፤ ከእጁ ነጠቅኩት። ራጅም ሆነ በጭስ የጠቆረ መስታወት ብርሃኑን ያደበዝዛል እንጂ ዓይን የሚጎዳውን ጨረር በቅጡ አያስቆምም፤ ዓይን ደግሞ ከውስጥ ሲቃጠል አያምም፣ ስለዚህ አትነቃም። ልጁ ሊያለቅስ ሲል ወደ ግድግዳው አዞርኩት። በአቮካዶው ቅጠሎች መሐል የሾለከው ብርሃን ግድግዳው ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ማጭዶች ጥሎ ነበር። እያንዳንዷ ቀዳዳ የተገመጠችውን ፀሐይ እየሳለች ማለት ነው። ንፋስ ሲመጣ ማጭዶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ልጁ በጣቱ ሊይዛቸው ይሞክራል። አክስቴ ብዙ አይታ «ይሄ ግድግዳ ቀለም ያስፈልገዋል ለካ» አለች። እስካሁን አልተቀባም።

ማታ ቡና ሲፈላ ጎረቤታችን ሐጂ ብቅ አሉ። ግርዶሽ እንዳለ ሰምተው ወደ መስጊድ ሊሄዱ ነው፤ ለግርዶሽ የሚሰገድ ሶላት አለ።

«መውሊድን ሰሞኑን አይደል ያከበርነው?» አሉኝ። «ወሩ ተጋምሷል። የጨረቃ ግርዶሽ ከወር አጋማሽ ውጭ መጥቶ አያውቅም። የፀሐይ ከሆነ ወሩ አልቆ አዲሷ ልትወለድ ስትል ነው።»

«ሐጂ፣ እርስዎ እኔ ልነግርዎት ያሰብኩትን ጨረሱት እኮ» አልኳቸው።

በእርግጥም ጨርሰውታል። በወሩ አጋማሽ ምድር መሐል ትገባና ጥላዋን ሙሉ ጨረቃ ላይ ትጥላለች፤ በወሩ መጨረሻ ጨረቃ መሐል ትገባና ጥላዋን እኛ ላይ ትጥላለች። አክስቴ «ታዲያ ለምን በየወሩ አይሆንም?» ብላ ያዘችኝ። የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ትሾልካለች። ስትገጥም ግን ብዙ ጊዜ ጥንድ ይመጣል። የዚያ ማታው የጨረቃ ግርዶሽ ጥንድም ሁለት ሳምንት ቆይቶ መስከረም 11 የሆነው ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ነበር፤ ኒውዚላንድና አንታርክቲካ አዩት፣ ጅማ ላይ ምንም አልነበረም።

1 ሰዓት ከ27 ላይ ጥላው ጨረቃን መንካት ሲጀምር ሰማዩ ድፍን ነው። ወንድሜ ከድሬዳዋ ደወለ፤ «ጀመረ፣ ከታች በኩል ጠቆረች» ይለኛል። እኔ የማየው ደመና ብቻ። ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ደመናው በጅሬን በኩል ተቀደደና ከግማሽ በላይ የተበላች ጨረቃ ወጣች። የጥላው ጠርዝ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ጎበጥ ያለ ነው፤ አርስቶትል ምድር ክብ ናት ብሎ ሲሟገት ከጠቀሳቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ጠርዝ ነበር። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉ በሙሉ ገባች፤ ግን አልጠፋችም። ጀበና የወረደለት ከሰል አመድ ለበስ ሲያደርግ ውስጡ የሚቀረውን ቅላት መሰለች። በምድር ዳር ያለው አየር የፀሐይን ብርሃን አጥፎ ወደ ጥላው ያስገባዋል፤ ሰማያዊው መንገድ ላይ ተበትኖ ቀዩ ይደርሳል።

«ቀላች?» አለ ወንድሜ።

«ቀላች።»

በ2012 እሱ ቀለበት፣ እኔ ግማጭ ነበር ያየነው። አሁን ግን በአንድ ደቂቃ አንድ ነገር እያየን ነው። የምድር ጥላ እዚያ ጨረቃ ጋ ሲደርስ እንኳ ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጨረቃን ከነመንገዷ ይውጣታል፣ ማታ የሆነለት አገር ሁሉ ያያል። የጨረቃ ጥላ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሙሉ ግርዶሽ የሚታይበት ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ270 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ እሱም ይሮጣል። ለዚህ ነው የዚያ ማታው ቅላት 82 ደቂቃ ሲቆይ፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ረዘመ ቢባል ከ7 ደቂቃ ተኩል ብዙም የማያልፈው። መነጽርም አላስፈለገን፤ አክስቴ ነጠላዋን ተከናንባ በበርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡናዋን እየጠጣች አየችው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚመጣውን ነገርኳት። ከስፔንና ሞሮኮ ጀምሮ ግብፅን፣ ሳዑዲን፣ የመንን አቋርጦ ሶማሊያ ጫፍ የሚደርስ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ሉክሶር አጠገብ ከ6 ደቂቃ በላይ ቀኑ ይጨልማል። ጅማ ከፊሉ ብቻ ይደርሳታል፣ እሱንም የሐምሌ ደመና ከፈቀደ። እየቆጠብኩ ነው አልኳት።

«ለስድስት ደቂቃ ግብፅ?»

«ለስድስት ደቂቃ።»

ራሷን ነቀነቀች። 3 ሰዓት ከ52 ላይ በአንድ ጎን የነጭ ክር ብልጭ አለች፤ ትንሽ ቆይቶ ደመናው ተመልሶ ዘጋው። ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ በአጥሩ በኩል «አያችሁ?» አሉ፤ «አየን» አልናቸው።

ሌሊት 10 ሰዓት ግድም የቆርቆሮው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አክስቴ ቀድማኝ ተነስታ በሩን በርግዳለች።

«ተነስ፣ ሳይቆም ውጣ!»

በቁምጣ ወጥቼ ከጠርዙ ሥር ቆምኩ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ከኋላዬ ባልዲውን አንስታ የተጠራቀመውን አናቴ ላይ ለቀቀችው።