ከሰዓት በኋላ የሚተኛው አምፕሊፋየር

ግራ ጆሮዬ ውስጥ እስካሁን «ጢዝ» የሚል ነገር አለ። ሰው ሲያወራኝ በቀኝ በኩል እንዲቀመጥ እለምናለሁ።

ጣጣው የመጣው ከአባቴ አምፕሊፋየር ነው። አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ ከጅቡቲ ጭኖ ያመጣው፣ ድምፅ አጉልቶ ለግራና ለቀኝ ስፒከር የሚልክ የጃፓን ዕቃ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ክብደቱ ጠቦት ያክላል። ያረጀው ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ እኛ ሳሎን ቡፌ ላይ፣ በእናቴ ዳንቴል ተሸፍኖ ነው። «እማዬ፣ ዳንቴሉ የሙቀት መውጫውን ይደፍነዋል» ብላት «አቧራ ከሚበላው ሙቀት ይብላው» አለችኝ። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ባለፈው ወር የግራው ስፒከር ድምፅ ጠፋ። ጭልጥ ብሎ ቢጠፋ አንድ ነገር ነው። ይሄ ግን ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ ይሄድና ማታ ተመልሶ ይመጣል። ጠዋት ደህና ነው። በማግስቱም እንደዚያው። ሥራ እንዳለው ሰው ሰዓት ያከብራል።

ድሬ ላይ ደግሞ ከሰዓት የጠፋ ነገር ለምን ጠፋ ተብሎ አይጠየቅም። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ውሻውም ጥላ ፈልጎ ይዘረጋል። ጎረቤቱም፣ የባጃጅ ሹፌሩም፣ ጫት የምትሸጥልኝም ልጅ አንድ መልስ ነው የሰጡኝ፦ «ሙቀት ነው አቦ!» እናቴ ብቻ ከልቧ አዘነችለት። «እሱስ ቢሆን ነፍስ የለው? በዚህ ሐሩር ማን ይሠራል?»

ስለዚህ ማቀዝቀዝ ጀመርኩ። የቤቱን ብቸኛ ቬንትሌተር አምፕሊፋየሩ ላይ አዞርኩ። እኔ አላበኝ፣ እናቴ አላባት፣ አምፕሊፋየሩ ቀዘቀዘ። ግራው ዝም። በማግስቱ በረዶ በፌስታል ቋጥሬ፣ ፎጣ አንጥፌ አናቱ ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ ፌስታሉ ሲያንጠባጥብ ደረሰች። ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፤ ባጭሩ አባቴ ያወረሰኝ ዕቃ እንጂ ጭንቅላት አይደለም።

ከዚያ ወደ ሳይንስ ገባሁ። የግራውን ስፒከር ገመድ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ መቀየር ነው። ዝምታው ወደ ቀኙ ስፒከር ከሄደ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ነው፤ እዚያው ግራው ጋ ከቀረ የስፒከሩ ወይም የገመዱ ነው። ቀላል። ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ተንበርክኬ ቀያየርኩ። ዝምታው ግራው ጋ ቀረ። «ስፒከሩ ነው!» ብዬ ካቻቢቴ አመጣሁ፣ ስምንት ብሎን ፈታሁ። ውስጡ ያገኘሁት ጥጥ፣ አንድ የሞተ በረሮና የጠፋብኝን የልጅነት ብይ ነው።

ማታ ላይ የስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ኩራት በኩራት ሆኖ መጣ። «አጎቴ፣ አንተ ከኋላ ስትቀይር እኔም ከስፒከሮቹ በኩል ቀየርኩልህ!»

እሺ፣ ባለሙያ ይየው። ባጃጅ ተኮናትሬ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር አንድ ዕቃ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሃምሳ ያለፉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሱቃቸው በር ላይ ባጃጁ ይጮኻል፣ ጋሪው ያልፋል፣ ጎረቤታቸው ብረት ይቀጠቅጣል። ሰኩት፣ ድምፁን ለቀቁት። ግራም ቀኝም እንደ ሠርግ ቤት! «ምንም የለውም» አሉኝ። ቤት መለስኩት። 8 ሰዓት ላይ ግራው ሄደ። በማግስቱ ደግሜ ወሰድኩት፤ ዘፈነ። በሦስተኛው ጉዞ የባጃጁ ሹፌር «ሰውዬ፣ ዕቃው ሽርሽር ለምዶ እንዳይሆን» አለኝ።

ጋሼ ራሳቸው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መጡ። እናቴ አብልታቸው፣ ቡና አጠጥታቸው ልትተኛ ገባች። አምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ግራው የለም! በሕይወቴ ዕቃ ስለተበላሸ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የእህቴን ልጅ ውጭ አስወጥተን በሥርዓቱ ቀያየሩ። ዘፈኑን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያስገቡትን የግራና የቀኝ ገመዶች አዛወሩ፣ ዝምታው አልተነቃነቀም። የስፒከሩን ሲያዛውሩ ዝምታው ወደ ቀኙ ስፒከር ሄደ። «አየህ፣ እዚህ ውስጥ ነው» አሉ ክዳኑን መታ መታ አድርገው። «የቮሊዩሙ ቆሻሻ ቢሆን ስታዞረው ክርር ይል ነበር። ብየዳ የለቀቀ ቢሆን በረዶህ ትንሽም ቢሆን ለውጥ ባመጣ ነበር።» የበረዶውን ነገር ማን እንደነገራቸው አውቃለሁ።

ከዚያ ዝም ብለው አዩኝ። «ከሰዓት ስትከፍተው ድምፁን የት ላይ ታደርገዋለህ?»

«ዝቅ ነው ጋሼ። እማዬ ትተኛለቻ።»

«ማታስ?»

«ማታማ እለቀዋለሁ።»

«እኔ ሱቅስ?»

ዝም አልኩ።

«ሙቀት አይደለም አቦ» አሉ። «እናትህ ናቸው።»

ገመዶቹን ወደ ቦታቸው መልሰው፣ ክዳኑን ከፍተው አንድ ግልጽ ፕላስቲክ ሳጥን አሳዩኝ። ክብሪት ያክላል። ሪሌ ይባላል። አምፕሊፋየሩ በተከፈተ በጥቂት ሴኮንድ «ቋ» የሚለው እሱ ነው። የመክፈቻው ጉምታ ስፒከሩን እንዳይመታው ትንሽ ጠብቆ ነው መንገድ የሚከፍት፤ ውስጥ አንድ ነገር ከተቃጠለም መንገዱን ይዘጋል። ለግራም ለቀኝም የየራሳቸው መገናኛ ነጥብ አላቸው። የግራው ነጥብ በዕድሜ ብዛት ጠቁሯል። ድምፁ ከፍ ሲል ኃይሉ ያንን ጥቁር ሽፋን በርቅሶ ያልፋል። ዝቅ ሲል ግን አቅም ያጣና በር ላይ ይቀራል። እኔ ከሰዓት ለእናቴ እንቅልፍ ስሳሳ ግራውን አብሬ ሳስተኛው ከርሜያለሁ።

«እስቲ እናረጋግጥ» አሉ። «ግን እናትህን እንዳንቀሰቅስ ባላንሱን ጨርሰህ ወደ ግራ አዙረው፣ ቀኙም ዝም ይበል።» አዞርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጆሮዬን የግራው ስፒከር ጨርቅ ላይ ለጠፍኩ። እጄን ዘርግቼ ቮሊዩሙን ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩ። ምንም። ጨመርኩ። ምንም። ጨርቁ አቧራ አቧራ ይሸታል። ግማሽ አለፍኩ። ጋሼ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ መብራት ያለበት ዕቃ ውስጥ ሁለት እጅ አይገባም ይላሉ። በቀኛቸው ከደረት ኪሳቸው ደረቅ መፋቂያ አወጡ። ሪሌውን ቀስ ብለው ኳ አደረጉት።

ከበሮው ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

ወደ ኋላ ስወድቅ የቡና ረከቦቱን ይዤ ወደቅኩ። ጎረቤት ውሻ ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ብቅ አለች። «ባቡሩ ነው? ቤት ውስጥ ገባ?» ጋሼ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው መፋቂያቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱና «ተገኘ፣ እናቴ» አሏት ረጋ ብለው።

ከሶኬቱ ነቀሉት፤ ካፓሲተሮቹ ውስጥ መብራት ስለሚቆይ በቴስተር እየለኩ እስኪወርድ ጠበቁ። የሪሌውን ክዳን አወለቁ። «አዲስ ብር አለህ?» አሉኝ። 10 ብር ሰጠኋቸው። «ይሄ ልፍስፍስ ነው።» 50 ሰጠኋቸው፣ አገላበጡት፣ መለሱልኝ። በመጨረሻ ከባንክ የወጣ ድርቅ ያለ ባለ 200 አገኘሁ። ጠርዙን አልኮል አስነክተው በሁለቱ ነጥቦች መሃል አስገብተው፣ ነጥቦቹን በጣታቸው ቀስ ብለው ገጥመው፣ ሳብ አደረጉት። ጠርዙ ላይ የከሰል መስመር የመሰለ ጥቁር ቀረ። ደገሙት።

«ለምን በብር?» አልኳቸው።

«ነጥቦቹም ብር ናቸዋ» አሉ ሳይስቁ። «ብርን በብር ነው።»

ሰካነው። «ቋ» አለ። ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት፣ ሹክሹክታ ያህል። ግራም ቀኝም። ጋሼ ማጽዳቱ ለጊዜው እንደሆነና አዲስ ሪሌ ማስገባት እንዳለብኝ ነገሩኝ፤ ባለ 24 ቮልት። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሄጄ ስጠይቅ ሻጩ የሰጠኝ ባለ 12ቱን የመኪና ነው። «ለባጃጅ አይደል?» አለኝ። ፍለጋው እንደቀጠለ ነው።

እናቴ ግን አልተደሰተችም። «በግማሹ ስትረብሸኝ ይሻል ነበር» ብላ ተመልሳ ገባች።

ጋሼን በር ድረስ ሸኘኋቸው። «ስንት ልክፈል?» ስላቸው ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። ባለ 200ው እዚያው ነው።